ስለ ኤክስኦ የሕፃናት ኮምፒዩተር ማስታወሻ ጥቂት ትችት

«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት የሠራው ኤክስኦ የሚባል ኮምፒዩተር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ በሺህ በሚቆጠሩ ተማሪዎች እጅ መድረሱ ይታወሳል። ስለዚሁ ኮምፒዩተር የተጻፈው አብዛኛው ልጆቹ ተማሩበት ወይስ አልተማሩበትም በሚለው ክርክር ላይ ነው። እኔ የምመረምረው ከዚያ በታች ያለውን፥ ይኸውም ሥርዓተ ክወናው በማስታወሻው ላይ የሚጻፍበትን መንገድ ነው። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ የጻፈው መትረፉና መጥፋቱ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ኤክስኦ የሚሽከረከር ዲስክ የለውም፤ በምትኩ 1 ጊጋባይት የሚይዝ ናንድ ፍላሽ ተደርጎለታል። ይህ ምርጫ የሚመሰገን ነው። አቧራና መውደቅ በማይቀርበት ትምህርት ቤት ዲስክ አይበረክትም። ናንድ ፍላሽ ግን የራሱ ጠባይ አለው። የሚጻፈው በገጽ፥ የሚደመሰሰው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው፤ በኤክስኦ ገጹ 2 ኪሎባይት፥ ብሎኩ 128 ኪሎባይት ነው። ብራና የሚፍቅ ጸሐፊ አንዲቱን ቃል ብቻ ይፍቃል፤ ፍላሽ ግን ቅጠሉን ሁሉ ካልፋቀ አንዲት ቃል አያርምም። ደግሞም ጥቂት ብሎኮች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የተበላሹ ስለሚሆኑ፥ ኢሜጁን በዲስክ እንደ ለመድነው ከራስ እስከ ጅራት ዝም ብሎ መገልበጥ አይቻልም። የሚጽፈው ፕሮግራም የተበላሸውን እየዘለለ መሄድ አለበት።

በዚህ በኩል መሐንዲሶቹ ሥራቸውን አሳምረዋል። መምህሩ ኢሜጁን በዩኤስቢ ይዞ፥ ከስክሪኑ ጎን ያሉትን አራት የጨዋታ ቁልፎች ተጭኖ ኮምፒዩተሩን ሲያበራ፥ የቀረውን መኪናው ራሱ ይፈጽመዋል። ፕሮግራም አዋቂ መጥራት አያሻም።

ጉድለቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። የተመረጠው የፋይል ሥርዓት በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ጄኤፍኤፍኤስ 2 ነበር። ይህ ሥርዓት የታሰበው ጥቂት ሜጋባይት ለሚይዙ ትናንሽ ፍላሾች ነው። ሲነሣ ማስታወሻውን መቃኘት ስላለበት፥ ማስታወሻው በሰፋ መጠን መዘግየቱም ይጨምራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማስታወሻው የሞላ እንደ ሆነ ነው። አሮጌውን ጠርጎ ባዶ ብሎክ ለማግኘት ራሱ ባዶ ብሎክ ያስፈልገዋልና፥ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል፥ አልፎም አልነሣም ይላል። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ልጅ ደግሞ ማስታወሻውን ለመሙላት ብዙ ቀን አይፈጅበትም። ያን ጊዜ በገጠር መምህር እጅ ያለው ቀላሉ መድኃኒት ኢሜጁን እንደገና መጻፍ ነው፤ እርሱም «ጆርናል» የተባለውን የልጁን መዝገብ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ለመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲይዝ የታሰበው የትምህርት ቤቱ ሰርቨር ነበር፤ ሰርቨር በሌለበት ግን ምን ይተርፋል?

ለፋይል ሥርዓቱ ምርጫ ይቅርታ ማድረግ ይቻላል። የተሻለው ዩቢአይኤፍኤስ ወደ ሊኑክስ የገባው በ2008 እ.ኤ.አ.፥ ኤክስኦ በብዛት መመረት ከጀመረ በኋላ ነውና። ይቅርታ የማላደርግለት ሥርዓተ ክወናውና የልጁ ሥራ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደባልቀው መቀመጣቸውን ነው። ማስታወሻውን ለሁለት መክፈል አዲስ ጥበብ አይጠይቅም ነበር። 1 ጊጋባይት ጠባብ ነው፥ ቢከፈል አንዱ ወገን ሲሞላ ሌላው ባዶውን ይቀር ነበር የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ባዶ የቀረ ስፍራ የልጅን ደብተር አያጠፋም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጣው ኤክስኦ 1.5 ናንዱን ትቶ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይዞ መጣ። የተበላሸ ብሎክ መዝለሉንም ሆነ ድካሙን ማከፋፈሉን በካርዱ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ተረከበው። አንዳንዶች ችግሩ በዚህ ተፈታ ይላሉ። በኔ አሳብ ግን የተፈታው ግማሹ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጀሞም ሆነ በጎፋ፥ ሞባይል ጠጋኞች «ፍላሽ እናድርገው» ሲሉ የሚጽፉበት ማስታወሻም ብዙውን ጊዜ ተቆጣጣሪ ያለው ነው። የስልኩ ሥርዓትና የባለቤቱ ፎቶግራፍ ለየብቻ ክፍል አላቸው፤ ሥርዓቱን ብቻ ጽፎ ሌላውን መተው በብዙ ስልኮች ይቻላል። ይሁን እንጂ ሁሉን መደምሰስ ለጠጋኙ ስለሚቀልለው፥ ደንበኛው አስቀድሞ ካልጠየቀ በቀር ፎቶግራፉ ከብልሽቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።