ሦስት ኮርድ ስላለው ብቻ ቀላል ነው?

ጊታር ስትጀምሩ የመጀመሪያ መዝሙራችሁን የሚመርጥላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮርድ ይቆጥራል። ሦስት ብቻ ከሆነ “ቀላል ነው፣ በእሱ ጀምሩ” ይላችኋል። “አሜዚንግ ግሬስ” (አስደናቂ ጸጋ) ለብዙ ጀማሪዎች የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ምርጫው ጥሩ ነው፤ በምክንያቱ ግን አልስማማም።

በጂ ሜጀር ስትጫወቱት ጂ፣ ሲ እና ዲ ይበቁታል፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። መዝሙሩ በሦስት ምት ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ድምፅም ከ“አንድ” ቀድሞ ነው የሚገባው። ጀማሪው ግን በአራት ምት የለመደውን አመታት ይጭንበታል። ዘማሪው ቃሉን ሊያረዝም ሲል ጊታሩ ጥሎት ይሄዳል፤ ጉባኤውም ማንን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። (እኔም እንዲህ አድርጌ ወጣቶችን አደናግሬ አውቃለሁ፤ ኮርዶቼ ግን አንዳቸውም አልተሳሳቱም ነበር።)

ስለዚህ ኮርዱን ለጊዜው ተዉትና ዜማውን ለብቻው አውጡት። አራተኛው ክር ሳይያዝ ዲ፣ ሁለተኛ ፍሬቱ ላይ ኢ ነው። ሦስተኛው ክር ሳይያዝ ጂ፣ ሁለተኛ ፍሬቱ ላይ ኤ። ሁለተኛው ክር ሳይያዝ ቢ፣ ሦስተኛ ፍሬቱ ላይ ደግሞ ላይኛው ዲ። አለቀ። ሙሉው ዜማ በሦስት ክሮች ላይ፣ በአምስት ድምፆች ውስጥ ነው። አሁን ከጂ ተነሥታችሁ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ ብላችሁ በተራ ምቷቸው። ጆሯችሁ ያውቃቸዋል፤ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ናቸውና። ዜማው ከሩቅ አገር ቢመጣም ለክራር ባዕድ አይሆንም። ለእኛ አገር ጀማሪ ጥሩ የመጀመሪያ መዝሙር የሚያደርገውም ከኮርዱ ቁጥር ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ቃሉ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ጆን ኒውተን በባሕር ማዕበል ተይዞ ጸለየ፣ ዳነ፣ ይህንንም መዝሙር ጻፈ ተብሎ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ታሪኩ እንዲህ አጭር አይደለም። ማዕበሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1748 ነው። ከዚያ በኋላም እስከ 1754 ድረስ አፍሪካውያንን በሚያጓጉዙ የባሪያ መርከቦች ላይ ሠርቷል፤ ካፒቴንም ሆኖ መርቷል። መዝሙሩን ያዘጋጀው የኦልኒ አገልጋይ ከሆነ በኋላ፣ በጥር 1 ቀን 1773 ከ1ኛ ዜና መዋዕል 17፥16-17 ላስተማረው ትምህርት ነው። በባሪያ ንግድ ላይ በግልጽ የጻፈው ደግሞ በ1788 ነው። ከማዕበሉ እስከዚያ 40 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

መዝሙሩ ራሱን ክፉኛ ይከስሳል፤ ኃጢአቱን ግን በስሙ አይጠራም። ስለ መርከቡ አንዳች ቃል የለበትም። ማንም ሰው የራሱን ጉድ ይዞ ሊገባበት የቻለው በዚህ ክፍተት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ አልክድም። አፍሪካዊ ሆኜ ስዘምረው ግን የእነዚያ ሰዎች ዝምታ ይሰማኛል፤ ይህንን የመዝሙሩ ድካም አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ኒውተን በ1807 ሲሞት ቃሉና ዛሬ የምታውቁት ዜማ ገና አልተገናኙም ነበር። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ አጋብቶ ያሳተመው አሜሪካዊው ዊልያም ዎከር ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1835 ነው።

ለጀማሪ ተማሪዎቼ አሁንም ይህንኑ መዝሙር እሰጣለሁ። አንዱ ዜማውን በነጠላ ክር ያወጣል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይዘምራል፤ ኮርዱ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል። የመርከቡን ታሪክ ግን በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ።