ያልተለወጠውን የማይነካ እጅ

አንድ ዳዊት ጎንደር፣ አንድ ዳዊት አዲስ አበባ አለ እንበል። የሁለቱ ባለቤቶች መጻሕፍታቸው ቃል በቃል አንድ መሆናቸውን ማመሳከር ፈልገዋል፤ መገናኛቸው ግን ስልክ ብቻ ነው። አንዱ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ሌላው ቢከታተል ቀኑ ይመሻል፣ ካርዱም ያልቃል። በሁለት ከተማ የጋራ ፎልደር ያለው ሰው ሁሉ የሚገጥመው ይኸው ነው። ለዚህ ከተሠሩ መሣሪያዎች መካከል እኔ እጅግ የማደንቀው አርሲንክ የሚባለውን ፕሮግራም ነው።

አርሲንክ በ1996 እ.ኤ.አ. ከካንቤራ ወጣ። የነደፉት በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ ናቸው። ትሪጅል ቀደም ሲል ሳምባ የሚባለውን የፎልደር ማጋሪያ ፕሮግራም የጻፈው ሰው ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፎልደር ሲጋሩ የሚነጋገሩበትን ቋንቋ፣ በሽቦው የሚያልፈውን መልእክት አንድ በአንድ እየመረመረ ነው የተማረው። ሳምባ በአንድ ግቢ ውስጥ ሸጋ ይሠራል። መንገዱ ሲረዝም፣ መስመሩም ሲቀጥን ግን ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል።

ብልሃቱ እንዲህ ነው። አሮጌውን ፋይል የያዘው ኮምፒውተር ፋይሉን እኩል እኩል ይቆራርጠዋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ምልክት ያወጣል፦ አንዱ ቶሎ የሚሰላ ድምር ነው፤ ሌላው ለማስላት የሚከብድ፣ ግን እጅግ የሚታመን አሻራ ነው። ወደ ማዶ የሚልከው እነዚህን ምልክቶች ብቻ ነው። አዲሱን ፋይል የያዘው ወገን ቁራጮቹን በራሱ ፋይል ውስጥ ይፈልጋል። ያገኘውን «አንተ ዘንድ 57ኛው ቁራጭ ነው» ብሎ በቁጥር ይጠቅሳል፤ ያጣውን ብቻ እንዳለ ይልካል። ሁለቱ ፋይሎች ሳይገናኙ ልዩነታቸው ታወቀ ማለት ነው።

ነገር ግን ከፋይሉ ራስ ላይ አንድ ፊደል ብትጨመር የተቀረው ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋና ቁራጭ ከቁራጭ መግጠሙን ያቆማል። ስለዚህ ፍለጋው በየባይቱ መራመድ አለበት። በየእርምጃው እንደ አዲስ መደመር ደግሞ ማሽኑን ያደክመዋል። የሠሪዎቹ እጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

3፣ 8፣ 5፣ 2 የሚሉ አራት ቁጥሮችን ውሰዱ። ድምራቸው 18 ነው። ቅደም ተከተላቸውም እንዲለይ የመጀመሪያውን በ4፣ ቀጣዩን በ3፣ ሦስተኛውን በ2፣ የመጨረሻውን በ1 አባዝተን ብንደምር 48 እናገኛለን። አሁን አንድ እርምጃ እንሂድ፤ 3 ይውጣ፣ 7 ይግባ። ከ18 ላይ 3 ቀንሰን 7 ስንጨምር 22 ሆነ። ከ48 ላይ ደግሞ የወጣውን 3 በ4 አባዝተን፣ 12 ማለት ነው፣ እንቀንስና አዲሱን 22 እንጨምር፤ 58 መጣ። 8፣ 5፣ 2፣ 7ን ከባዶ ያሰላ ሰውም የሚደርሰው 22 እና 58 ላይ ነው። ቁራጩ አራት ቁጥር መሆኑ ቀርቶ 700 ባይት ቢረዝም እንኳ የእርምጃው ልፋት ቅንጣት አይጨምርም። ከባዱ አሻራ የሚጠራውም ቀላሉ ድምር ሲገጥም ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ በወረቀት ላይ ስሠራው ብዕሬን አስቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። የተቀደደ ነጠላ ለመጣፍ አዲስ ነጠላ አይሸመንም፤ እዚህም የሚሠራው በቀዳዳው ልክ ነው።

የቢሯችንን የሒሳብ ፎልደር ማታ ማታ ወደ ሌላ ከተማ የምልከው በአርሲንክ ነው፤ በመንገድ ማንም እንዳያነበው ኤስኤስኤች በሚባል የምስጠራ መንገድ ተሸፍኖ ይሄዳል። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የሚሠራ ሰው የፕሮግራሙን የመጨረሻ ጥንቃቄ ዋጋ ያውቃል። አርሲንክ አሮጌውን ፋይል እየሰረዘ በላዩ ላይ አይጽፍም። አዲሱን ከጎኑ፣ በነጥብ በሚጀምር ስውር ስም፣ ለብቻው ይገነባዋል። ሞልቶ ሲያበቃ ሙሉው ፋይል ይመሳከራል፤ ከገጠመ በኋላ ብቻ እውነተኛ ስሙን ይቀበላል። መብራቱ መሃል ላይ ቢሄድ አሮጌው እንደነበረ ነው። ጠዋት ፋይሉን የሚከፍተው ባልደረባዬ ወይ የትናንቱን ወይ የዛሬውን እንጂ ግማሹን አያገኝም።