ዕውቀት በሰው ቋንቋ ሲመዘን

በሸሪካት የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ በቤቱ አማርኛ፣ በሰፈሩ የጁባ ዓረብኛ፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ እንግሊዝኛ ይሰማል። ከሦስቱ ልሳናት መካከል ክፍል የሚደለደልበትና ውጤት የሚሰጠው ግን በአንዱ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ወላጅ የልጁን ካርድ ሲገልጥ «ሒሳብ፦ 42» የሚል ቢያነብ ምን ሊረዳ ይችላል? ልጁ ሒሳብ አያውቅም ማለት ነው ወይስ የጥያቄው ቃል አልገባውም? ካርዱ ይህን አይናገርም። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚህ ይነሣል። አንድን ቋንቋ ገና በመማር ላይ ያለን ተማሪ በዚያው ቋንቋ የሚፈትን ሰው ምን እየመዘነ እንደሆነ አስቀድሞ ካልለየ፣ በእጁ ያለው ነገር ሚዛን ሊባል አይገባውም።

ችግሩ የስደተኛ ልጆች ብቻ አይደለም። የምንኖርበት አገር ራሱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲመላለስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1928 ከጁባ በስተደቡብ በምትገኘው ረጃፍ የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ እንደ ዲንካ፣ ባሪና ኑዌር ያሉ ቋንቋዎች በዝቅተኛ ክፍሎች እንዲያገለግሉ መረጠ። ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ የካርቱም መንግሥት የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን ወርሶ ዓረብኛን አስፋፋ። በ1972 በእኛው መዲና የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት እንግሊዝኛን የደቡቡ ክልል ዋና ቋንቋ አደረገው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ ስትወጣ የጸደቀው የሽግግር ሕገ መንግሥት ደግሞ እንግሊዝኛ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ፣ በየደረጃውም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ሕግ በአንድ ቀን ይፈረማል፤ ዕድሜውን በዓረብኛ ሲማርና ሲያስተምር የኖረ መምህር ግን በአንድ ቀን የእንግሊዝኛ ሊቅ አይሆንም። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ መምህሩም ተማሪውም ቋንቋውን በመማር ላይ ናቸው። ፈተናው ግን ሁለቱም ጨርሰው እንደተማሩት ቆጥሮ ይመጣል። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

አገር ቤት ያለውም ታሪክ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ድልድይ ግን ቀጭን ነበር። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት የተተከለው ፕላዝማ ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ተጠበቀ። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ሥዕሉ ያማረ፣ ዝግጅቱም የተሟላ ነበር። ይሁንና የመስኮቱ መምህር ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፤ መልሱን ራሱ ይመልሳል። ተማሪው ፊቱን ቢያጨማድድ፣ እጁን ቢያወጣ አያየውም። ከክፍሉ የቆመው መምህርም የመሣሪያው ረዳት እስከ መሆን ደረሰ። ማስተማር ማለት የተማሪውን አለመረዳት አይቶ መመለስ ከሆነ፣ ፕላዝማው የጎደለው ይኸው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀው ጥናትም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

ወደ መጨረሻው ሚዛን እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ወረርሽኝ ብዙ ተባለ፤ ሁሉም ድርሻ አለው። ነገር ግን ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ መሆኑ ሲነሣ የሰማነው ጥቂት ጊዜ ነው። ከወደቁት መካከል ስንቱ ፊዚክስ፣ ስንቱ እንግሊዝኛ ጣለው? የፈተናው አሠራር ይህን ለመለየት አልተዘጋጀም። በተማሪዎቹ ከመፍረዳችን በፊት ልንነቅፈው የሚገባን ይህንኑ ጉድለት ነው።

የእንግሊዝኛው ፈተና ራሱ ምን ይመዝናል ብለን ብንጠይቅ ደግሞ የባሰ እናገኛለን። ተማሪው ከአራት መልሶች አንዱን ያጠቁራል። ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ይጠየቃል እንጂ አንቀጽ አይጽፍም፤ ስለ ጭውውት ይጠየቃል እንጂ አንደበቱን አይከፍትም። መምህርም የሚፈተነውን ያስተምራልና ክፍሉ የሰዋስው ሕግ መሸምደጃ ይሆናል። የግሥን ጊዜ ለይቶ የሚያጠቁር፣ ነገር ግን አንድ ማመልከቻ መጻፍ የሚከብደው ምሩቅ የዚህ ሚዛን ፍሬ ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወረቀት በመሣሪያ ማረም ግድ ስለሆነ ነው የሚለው መከራከሪያ ሚዛን ይደፋ ይሆናል። አርባና ሃምሳ ልጆች ያሉት የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት ግን በዚህ ሊያመካኝ አይችልም።

የሚደንቀው፣ የእናት ቋንቋ ያልሆነን ልሳን ማስተማርና መመዘን ለእኛ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ግዕዝ ለቅኔ ተማሪ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። ሆኖም የቅኔ ቤት ተማሪ ግሡን ካጠና በኋላ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። መምህሩ ያደምጣል፤ የሰበረውን ይጠግናል፤ ምሥጢሩ ሲጎድል ይነግረዋል፤ ሳይበቃም ወደ ቀጣዩ አያሻግረውም። በዚያ ጉባኤ ፈተናና ትምህርት አይለያዩም፤ ተማሪው የሚመዘነውም በራሱ ባፈለቀው ቃል ነው። እርግጥ ቅኔ ቤት የጥቂቶች፣ በአብዛኛውም የወንዶች ነበር፤ ችግሩና ረኃቡም ቀላል አልነበረም። ያን ሁሉ እንመልሰው የሚል የለም። ልንወስደው የሚገባው ቋንቋ የሚታወቀው ሲፈጥሩበት ነው የሚለውን መርሕ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የምርምር ቁም ነገር እንጨምር። የካናዳው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ባቀረባቸው ሥራዎች የመግባቢያን ቋንቋና የትምህርትን ቋንቋ ለይቶ አሳይቷል። ልጅ ለጨዋታና ለሰላምታ የሚበቃውን በሁለት ዓመት ያህል ይለምዳል፤ የሳይንስና የታሪክ መጽሐፍ ለመረዳት የሚያስፈልገውን ለመጨበጥ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ይህ ለሸሪካት ወላጅ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ «ልጄ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል» ተብሎ የተወደሰ ልጅ ሳይንስ ሲወድቅ ሰነፍ መባል የለበትም፤ አንደበቱ ከንባቡ ቀድሞ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ከአገር ቤት 6ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ ልጅ የእንግሊዝኛ መግቢያ ፈተና ስለጣለው ብቻ ከ3ኛ ክፍል ሕፃናት ጋር መቀመጥ የለበትም። ክፍልፋይ የሚያውቅ ልጅ ክፍልፋይን እንደገና መማር አያሻውም፤ የሚያሻው ስሙን በእንግሊዝኛ ማወቅ ነው። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ልጅ በዕድሜ ታናናሾቹ መካከል አንገቱን ይደፋል፤ ብዙውን ጊዜም ትምህርቱን ትቶ ወደ ሱቅ ወይም ወደ ሻይ ቤት ሥራ ይገባል። በዚህ ጉዳይ የምንከስረው ይህን ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ የሚገባ ልጅ ሒሳቡን በቁጥርና በሥዕል፣ ቢቻልም አማርኛ በሚያውቅ ሰው ይፈተን፤ እንግሊዝኛው ለብቻው ይመዘን። ክፍሉ በዕውቀቱ ይወሰን፤ እንግሊዝኛው በተጨማሪ ሰዓት ይታገዝ። ካርዱም ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ያሳይ። ልጁ በየሳምንቱ የጻፈው አንድ ገጽ በደብተር ተጠብቆ የመስከረሙ ከሰኔው ጋር ይመሳከር። ወላጅም የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ «ስንተኛ ወጣ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ቁጥር የምን ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም የሚል የለም። ለልጆቻችን የዩኒቨርሲቲ በርና የሥራ ቋንቋ ነው፤ በደንብ ሊያውቁትም ይገባል። ነገር ግን በቤት አማርኛ ማንበብና መጻፍ የለመደ ልጅ የሐሳብን ቅደም ተከተል ይዞ ወደ እንግሊዝኛው ይገባል፤ ሁለቱም ሳይያዝለት የቀረ ልጅ ግን በየትኛውም ሚዛን ቀልሎ ይገኛል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ሲባል የቤቱን አማርኛ ከልጅ አፍ የሚነጥቅ ወላጅ ልጁን ለፈተና አዘጋጀሁ ቢልም፣ የሚፈተንበትን ስንቅ እየቀማው መሆኑን ቢያስብ መልካም ነው።