ያዙኝ ልቀቁኝ! ያዡስ ማነው?

ስለ ቀረርቶና ስለ ፉከራ በክፍል ስንማር የሚነገረን ሁልጊዜ ስለ ባለ ግጥሙ ነው። ምን ገደለ፣ ምን ማረከ፣ ዘሩን እስከ ስንት ቤት ቆጠረ፣ ቤቱ ሰመረ ወይስ ተሰበረ። ይኸ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን ፉከራ ለብቻ የሚባል ነገር አይደለም። ሰው ለብቻው ያንጎራጉር ይሆናል፤ ያለቅስ ይሆናል፤ ለብቻው ግን አይፎክርም። ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሞ ሲፎክር የተገኘ ሰው ጠበል ይወሰዳል እንጂ ጀግና አይባልም። እንግዲያውስ የፉከራ ግማሹ ያለው በተናጋሪው አፍ ሳይሆን በዙሪያው በቆመው ሰው ዘንድ ነው። እኛ ሐያስያን ነን ባዮች ያንን ግማሽ ትተን ሌላውን ግማሽ ስንመዝን ኖረናል።

ይህን እንድል ያደረገኝ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ አይደለም፤ ስለ ጎረምሳ አንጎል የተደረገ ምርምር ነው። አንባቢ አይሳቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ፣ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ 306 ሰዎችን በሦስት የዕድሜ ክፍል መደቧቸው፤ ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22፣ ከ24 በላይ። ከዚያ በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ አጫወቷቸው። መኪናው በገሠገሠ ቁጥር ነጥብ ይገኛል፤ መብራቱ ቢጫ ከሆነ በኋላ ግን ግድግዳ ድንገት ብቅ ይላል፤ የተጋጨ ያከማቸውን ያጣል። አንዳንዶቹ ብቻቸውን ተጫወቱ፤ ሌሎቹ ሁለት የዕድሜ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው እያዩና ቃል እየጣሉ። ጎልማሶቹ ጓደኛ ኖረ አልኖረ ያው ናቸው። ታዳጊዎቹ ግን እኩያ ሲያያቸው ድፍረታቸው እጅጉን ጨመረ። መካከለኞቹም፣ ማለት የእኛ ዕድሜዎች፣ ከዚህ አላመለጡም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጄሰን ቼይን፣ ስታይንበርግና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ጨዋታ አንጎልን በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ ደገሙት። ጓደኞቹ በሌላ ክፍል ሆነው በስክሪን እንደሚያዩት ልጁ ያውቃል፤ ሌላ ነገር የለም። ያን ጊዜ በታዳጊው አንጎል ውስጥ ደስታንና ሽልማትን የሚጠብቀው ክፍል ይነቃል። በጎልማሳው አይነቃም። ብቻውን ሲሆን ደግሞ ያው ታዳጊ እንደ ጎልማሳው ጠንቃቃ ሆኖ ተገኘ! እንግዲህ «ልጅ ነው፣ አንጎሉ አልበሰለም፣ አደጋ አይታየውም» የሚለው የአዋቂ ፍርድ ግማሽ እውነት ነው። የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ሲጠነክር መቆየቱ እርግጥ ነው፤ ልጁ ግን አደጋውን ያያል። ከአደጋው የበለጠ የሚያየው የሚያዩትን ዐይኖች ነው።

ይኸ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? «ያዙኝ ልቀቁኝ አለ» እንላለን። በቋንቋችን ይህ ስድብ ነው፤ ወሬ እንጂ ሥራ የለውም ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን የማነበው እንደ ቴአትር መመሪያ ነው። ፎካሪው ሲግል ታላቅ ወንድሙ ወይም አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይይዘዋል፤ እሱ ሊያመልጥ ይታገላል፤ ቃሉም የሚፋፋመው በዚያ ትግል መካከል ነው። እስከ ገደሉ አፋፍ መሄድ የሚችለው የሚይዘው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። «ልቀቁኝ» የሚለው «ያዙኝ» ካለ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። መያዙን አስቀድሞ ለምኗል። በእኔ ንባብ ያዡ የግጥሙ አንድ አካል ነው፣ እንደ ቤት መምቻው ሁሉ። ያዡ ከጎደለ የሚቀረው «ልቀቁኝ» ብቻ ነው፤ እሱም ግጥም መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል።

ወደ መንደራችን እንምጣ። በቦረና፣ በወግዲ ወይም በከላላ ሠርግ ዳስ ውስጥ ዕድሜ ሁሉ አለ። ጉብሉ ተነሥቶ ሲፎክር ከፊቱ እኩዮቹ አሉ፤ ከኋላቸው ግን አጎቶቹ፣ ከአጎቶቹም ኋላ ጦርነት የሚባለውን በዐይናቸው አይተው የተመለሱ፣ ሲፎከር መሬት መሬት የሚያዩ ሽማግሌዎች። ዛቻው ይሰማል፣ እልል ይባልበታል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይበተናል። አሁን ያንኑ ልጅ በክረምት ከብት ጥበቃ ላይ ወደ በሽሎ ወይም ወደ አባይ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ዳር አቁሙት። ውኃው ደፍርሷል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። አምስት ኮበሌ ዳር ቆሟል፤ ከእነሱ በቀር ሰው የለም። ከአምስቱ አንዱ «ፈራህ?» ይለዋል። አንዲት ቃል ናት። ቤት አትመታም፤ ዜማ የላትም፤ ማንም ተመራማሪ በቴፕ አይቀዳትም። ነገር ግን ከመቶ ስንኝ ቀረርቶ ይልቅ ሰውን ወንዝ ውስጥ የምታስገባ እሷ ናት። የሥነ ቃል ትምህርታችን ለዚህች ቃል ስም እንኳ አላወጣላትም።

የተጻፈው ልብ ወለዳችን ይህን ጉዳይ ሳይነካው አላለፈም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ባለ ታሪኩ ከሁሉም ጋር ሲከራከር ኖሮ የሚሞተው በክርክር ተረትቶ አይደለም፤ በተማሪዎች ረብሻ መካከል በተወረወረ ድንጋይ ነው። ስለ አሮጌና ስለ አዲስ አስተሳሰብ ግጭት ብለን ብዙ አወራንበት። ድንጋዩ ግን አስተሳሰብ የለውም። ማን ወረወረው ከማለት ይልቅ ማን እያየ ተወረወረ ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መጽሐፉ ሌላ በር ይከፍት ይመስለኛል።

ጉዳዩ የክፍል ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባቆምሁ። ከእነዚህ ደጋዎች ልጆች፣ ወንድም ሴትም፣ በቡድን እየሆኑ ሌሊት ይነሣሉ። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዋች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ወሰን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን መግደላቸውን በዘገባ አወጣ። ልጆቹ ይህን አልሰሙም የሚል ሰው ልጆቹን አያውቃቸውም። ሰምተዋል። የሰሙትም ከእኛ በፊት ነው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት ከተሸነሸነ ወዲህ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ማሳ ላይ ቁራጭ ካልደረሰው የሚያርሰው የለውም። ፊላደልፊያ ላይ የሚጠፋው ነጥብ ነው፤ እዚህ ግን የሚቀረውም ሰው ኪሣራ ላይ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ስደትን የአንጎል ጉዳይ አድርጌ ልዘጋው አልከጅልም። የምለው ስለ አነጋገሩ ነው። የመነሻው ቃል «እኛ ነገ ሌሊት ነን፤ አንተስ?» ነው። ይህ ፉከራ ተገልብጦ ነው። ተናጋሪው ራሱን አያወድስም፤ ጠላት አይጠራም፤ ክንዱን የሚይዘው ሰው በሚገኝበት ሰዓትም አይናገረውም። ለምን ዛሬ ብሎ የሚጠይቅ፣ ጠዋት እንነጋገር የሚል አጎት በዚያ ክበብ ውስጥ የለም። ችግሩ ለምን እንደሚሄድ ይነግረናል፤ ያች «አንተስ?» ግን ለምን ነገ ሌሊት እንደሚሄድ ትነግረናለች።

ታዲያ ሽማግሌ ይግባበት ብቻ ነው? ቀስ! ደም መልስ እያለ ልጁን ሲያነሣሣ የኖረው ማን ሆነና? የአባቱን ገዳይ እያየ ዝም ያለውን ጎረምሳ በግጥም የሚሸነቁጡት እኩዮቹ ብቻ አልነበሩም፤ ትልልቆቹ፣ አንዳንዴም እናትና እኅቱ ነበሩ። ሽበት ብቻውን ያዥ አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ካሮል ሲልቫ፣ ቼይንና ስታይንበርግ ያደረጉት ሙከራ ከዚህ ይልቅ ጠበብ ያለ ነገር ያሳያል። ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ወንዶችን አራት አራት አድርገው አስቀመጧቸው፤ በአንዳንዱ ቡድን ውስጥ ግን ከአራቱ አንዱ ጥቂት የሚበልጥ፣ ከ25 እስከ 30 የሆነ ሰው ነው። እኩዮች ብቻ ያሉበት ቡድን ድፍረቱ ጨመረ፤ ታላቁ ያለበት ግን ብቻውን እንደተቀመጠ ሰው ረጋ። አያት አላስፈለገም። ታላቅ ወንድም የሚሆን አንድ ሰው በቃ።

ይኸ ወደ ራሳችን ደጅ ያመጣናል። በየግቢው የግጥም ምሽት የሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ከበሩ እስከ መድረኩ ያለነው ሁላችንም እኩዮች ነን። የትኛው ስንኝ እንደሚጨበጨብለት እናውቃለን፤ ባሕሩን ናቀው፣ ሞትን ሰደበው፣ እናቱን ዞሮ ሳያይ ወጣ። ግጥሙ ሲወርድ ሲወጣ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ አዳራሹ ይናጋል። በዚያው ምሽት አንድ ሌላ ልጅ ተነሥቶ ተሰናድቶ ሲያበቃ ስለ ቀረ ሰው ቢያነብ፣ ግጥሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጭብጨባው የጨዋነት ነው የሚሆነው። እኔ የሰማኋቸው ከዚህ ዓይነቶቹ ግጥሞች ጥቂት ናቸው፤ በአሠራር ግን ከፊተኞቹ አያንሱም፤ አንዳንዶቹ ይበልጣሉ። የፊተኛው ገጣሚ ጥሩ መስመር ስለጻፈ ነው የተጨበጨበለት ወይስ ገደሉ አፋፍ ላይ ስለቆመ? ሂስ የሚባለው ነገር ሥራው ይህን መለየት ካልሆነ ምን ይሆን?

ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሥነ ቃል ላይ ለመሥራት ወደ ለጋምቦና ወደ ሳይንት የሚወጡ ጓደኞቻችን አሉ። ፉከራውን ሲቀዱ ቃሉን ብቻ እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ። ዙሪያውን ማን ቆሞ ነበር፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ የቱ ስንኝ ላይ ሳቀ፣ የቱ ላይ ዝም አለ፣ ክንዱን የያዘው ማን ነው፣ ስንተኛው ስንኝ ላይ ያዘው። ቴፑ ይህን ስለማይቀዳው በእጅ መጻፍ ይኖርበታል።