«ክሎክ» እና ካባ፤ ስለ አንድ ቃል አተረጓጎም የቀረበ ሂስ

ስለ ኢትዮጵያውያን አለባበስ በእስራኤል በሚዘጋጁ አንዳንድ ትርኢቶችና ጽሑፎች ላይ ካባውም፣ በርኖሱም፣ ለምዱም፣ ጋቢውም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል «ክሎክ» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። በኤን ጋኒም የምንኖር ወላጆችም ለልጆቻችን ስናስረዳ ይህንኑ ቃል መዋስ ጀምረናል። ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ነው እንላለን።

«ክሎክ» በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ምንጩ የመካከለኛው ዘመን ላቲን «ክሎካ»፣ ማለትም ደወል ነው። ልብሱ ከትከሻ ወደ ታች እየሰፋ ሲወርድ ደወል ስለሚመስል ይህ ስም ወጣለት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት የእንግሊዝኛ ስምም ከዚሁ ደወል የተወለደ ወንድሙ ነው። ከጊዜ በኋላ ልብሱን የሚጠራው ቃል ግስ ሆኖ «መሸሸግ» የሚል ትርጉም ያዘ።

ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። የእኛ ካባ አይሸሽግም፤ ይገልጣል። በነገሥታቱ ዘመን ካባና ለምድ የሹመትና የጀግንነት ሽልማት ነበሩ። ሙሽራ ካባ ሲደርብ የዕለቱ ንጉሥ እርሱ መሆኑ ይታወቃል። በሲግድ በዓል ካባ የደረበ ቄስ በሕዝብ መካከል ከሩቅ ይለያል። በርኖስ ከሱፍ የሚሠራ ሲሆን ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ነው። ጋቢማ አራት ድርብ የጥጥ ልብስ እንጂ ከነጭራሹ «ክሎክ» አይደለም። ሸማም ቢሆን አለባበሱ ይናገራል፤ ያደገደገ አክብሮቱን፣ ያዘቀዘቀ ሐዘኑን ይገልጻል።

እርግጥ ነው፣ «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለው አነጋገር በእኛም ዘንድ አለ። በዕብራይስጥም ልብስ ማለት የሆነው «ቤጌድ» እና ከዳ ማለት የሆነው «ባጋድ» ፊደላቸው አንድ ነው። ነገር ግን ተኩላው ሊያታልል የቻለው፣ ሰው ሁሉ ልብስ የለባሹን ማንነት ይናገራል ብሎ ስለሚያምን ነው።

ዕብራይስጥ ለዚህ የሚስማማ ሌላ ቃል አለው። ከነቢዩ ኤልያስ ወደ ኤልሳዕ የተላለፈው መጐናጸፊያ «አዴሬት» ይባላል፤ ቃሉም ግርማ ያለው ከሚለው «አዲር» ጋር ይዛመዳል። በዚያ ልብስ ተተኪው ታወቀ እንጂ የተሸሸገ ነገር አልነበረም።

ስለሆነም ካባ በራሱ ስም በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ፤ ከሥሩም ማን፣ መቼና ለምን እንደሚለብሰው ይገለጽ። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን ካልመዘገብን፣ ልጆቻችን የሚወርሱት የልብሱን ቅርጽ ብቻ ይሆናል።