ለሕፃናት የሚዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍትና የቦረና ተፈጥሮ

ፊደል ላልለየ ሕፃን መጽሐፍ ማለት ሥዕል ማለት ነው። ይህን አጥብቀው ከተረዱት የትምህርት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ኮሜንየስ፣ በ1658 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ባሳተመው የሥዕል መማሪያ ውስጥ የመጀመሪያውን የፊደል ድምፅ ያስተማረው በቁራ ጩኸት ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሕፃኑ በደጁ የሚሰማውን ድምፅ ከሥዕሉ፣ ሥዕሉንም ከፊደሉ ጋር እንዲያገናኝ ነው። ዛሬ በሀገራችን መዋዕለ ሕፃናት በሰፊው ከሚታዩት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻሕፍት የመጀመሪያውን ገጽ ብንገልጥ ግን የምናገኘው ቀይ አፕል ነው።

ይህን ጥያቄ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ ከምትገኘው ከሜጋ ሆኖ መመልከት ይጠቅማል። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ አንድ የቁራ ዘመድ አለ። ኢጣሊያዊው ሞልቶኒ በ1938 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ ወፍ ራሱ ዐመድማ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ የሌለው ቆዳ ሰማያዊ ነው፤ በግራር ዛፍ ላይም በእሾህ የተሠራ ድቡልቡል ጎጆ ይቀልሳል። ሁለተኛዋ ጅራቷ ላይ ነጭ ያላት ወንጨፊት ናት። ቤንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በ1942 እ.ኤ.አ. ስለ እርሷ ሲጽፍ ሳይንሳዊ ስሟን ከከተማይቱ ወስዶ «ሂሩንዶ ሜጋኤንሲስ» ብሏታል። በቦረና ጎጆዎች ጣሪያ ሥር እንደምትፈለፍል ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እንግዲህ የከተማው ስም በዓለም የአእዋፍ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ ጸሐፊ ባገላበጣቸው የሕፃናት መጻሕፍት ውስጥ ግን ሁለቱም ወፎች የሉም።

የዚህ ጽሑፍ ቅሬታ የባዕድ ነገር በመጽሐፍ ውስጥ መኖሩ አይደለም። ኤሪክ ካርል በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ስለ አንድ በላተኛ አባጨጓሬ የሚተርክ መጽሐፍ ለምሳሌ እንውሰድ። አባጨጓሬው ከሚበላቸው ፍሬዎች መካከል ፕለምና እንጆሪን የሜጋ ሕፃን አያውቃቸውም። ሆኖም ገጾቹ በአባጨጓሬው ልክ የተበሱ ስለሆኑ ሕፃኑ ጣቱን አስገብቶ መንገዱን ይከተላል፤ አባጨጓሬውን ራሱን ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወቅት በየቅጠሉ ላይ ያገኘዋል። መጽሐፉ ሕፃኑን ወደ ደጅ ይልከዋል ማለት ነው። ደጅ የወጣ ሕፃንም የመጽሐፉን ስሕተት ሊይዝ ይችላል፤ ምክንያቱም የብዙ ቢራቢሮዎች አባጨጓሬ የሚለወጠው በሐር ክር በተጠቀለለ ቤት ውስጥ ሳይሆን በደረቅ ልባስ ውስጥ ነው። ለእኛ መጽሐፉን የሚያስመሰግነው ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ክፍት መሆኑ ነው። ዋናው መመዘኛ ይህ ይመስለናል፦ ሕፃኑ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ በእግሩ ሄዶ ሥዕሉ እውነት መሆኑን ሊያጣራ ይችላልን?

በዚህ መመዘኛ ክፉኛ የሚወድቁት ልብስ ለብሰው፣ ጫማ ተጫምተው የሚናገሩ እንስሳት የሞሉባቸው መጻሕፍት ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በፓትሪሺያ ጋኒያና በባልደረቦቿ የታተመ ጥናት ለትንንሽ ሕፃናት ሁለት ዓይነት መጻሕፍትን አስነብቦ አነጻጽሯል። እንስሳት እንደ ሰው የቀረቡባቸውን መጻሕፍት የሰሙት ስለ እንስሳቱ እውነተኛ ጠባይ የተማሩት አነስተኛ ሲሆን፣ የሰውን ጠባይ ለእንስሳቱ የመስጠት ዝንባሌያቸው ጨምሮ ተገኝቷል። ለጥናቱ ከተመረጡት እንስሳት አንዱ በከብት ጀርባ ላይ ተቀምጦ መዥገር የሚለቅመው ወፍ ነበር፤ የተመረጠውም ለካናዳ ሕፃናት እንግዳ ስለሆነ ነው። ለቦረና ልጅ ግን ይህ ወፍ የቤት እንግዳ እንኳ አይደለም፤ የላሙ ባልደረባ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በተገቢ መንገድ ይቃወም ይሆናል። በተረቶቻችን ውስጥ ጅብና ቀበሮ ከጥንት ጀምሮ ሲነጋገሩ ኖረዋል፤ ማንም አልተጎዳም። እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱን የሚሰማው ልጅ ጅቡን ሌሊት ሲጮኽ ሰምቶታል፤ ጠዋት ዱካውን አይቷል፤ ግልገል ሲነጥቅም ያውቃል። ጅቡ ሲናገር የሚያስቀው እውነተኛውን ስለሚያውቅ ነው። እውቀቱ ከጎደለ ከተረቱ የሚቀረው ልብስ የለበሰው ጅብ ብቻ ይሆናል።

ይህ ደግሞ በቦረና ሩቅ ሥጋት አይደለም። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በመክሸፋቸው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል፤ ከብቱን ያጣው ቤተሰብም ወደ ከተሞችና ወደ መጠለያ ጣቢያዎች ተሰዷል። ቀድሞ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ወፉን፣ ሣሩንና ዱካውን የሚማረው ከታላላቆቹ ኋላ እየተከተለ ነበር። ዛሬ ዜሮ ክፍል ከሚገቡት መካከል ይህ ዕድል ያልደረሳቸው አሉ። ስለዚህ ለአባቶቻቸው ትርፍ ጌጥ ይሆን የነበረው የሥዕል መጽሐፍ ለእነርሱ ከፊል የእውቀት ምንጭ ሆኗል፤ ስሕተቱም በዚያው መጠን ከብዷል።

የዕቅድ ባለሙያዎች ወጪውን ያነሡ ይሆናል። ለመላ ሀገሪቱ አንድ መጽሐፍ ማተም እንደሚረክስ አይካድም፤ ውጤቱ ግን በሬ በሞፈርና ቀንበር የሚያርስበትን ደጋ ለአርብቶ አደር ልጅ እንደ ራሱ ቀዬ ማሳየት ሆኖ ይገኛል። ከአንድ ታላቅ ወረቀት እጥፋት 16 ገጽ ይወጣል፤ ለአምስት ዓመት ሕፃን ከዚህ በላይ አያስፈልግም። በሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ቃልም ጥቂት ቢሆን፣ እርሱም በትምህርት ቤቱ ቋንቋ በኦሮምኛ ቢሆን፣ ማንበብ የማትችል እናት ሳትቀር ገጹን እየገለጠች በራሷ አነጋገር ልትተርከው ትችላለች። መጽሐፉ መድረሱም የማይቻል አይደለም፤ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ሕፃናት ያደርስ ነበር።

ርእሰ ነገር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ከሜጋ በስተሰሜን ያለውን የዱብሉቅን ጥልቅ ቱላ እናስብ። ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘመሩ፣ ውኃ የሞላውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፉ ከጉድጓዱ ሥር እስከ ከብቱ ገንዳ ያደርሱታል። ገጾቹ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ የሚገለጡ መጽሐፍ ቢዘጋጅ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሰውና አንድ ጥንድ እጅ፣ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ የላሟ አፍ ይሆን ነበር። ሥዕሉን ከመሣሉ በፊት ግን ሠዓሊው ወደ ጉድጓዱ መውረድ አለበት፤ ባልዲው ከምን እንደተሠራና ዘፈኑ ሲፋጠን እጆቹ እንዴት እንደሚቀያየሩ በአዲስ አበባ ተቀምጦ አይገመትም።

ስለ ወንጨፊቷም እንዲሁ። የጅራቷ ነጭ ጎልቶ የሚታየው ስትበርር ጅራቷን በዘረጋች ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ዐርፋ ሳይሆን በበረራ ላይ ሊያሳያት ይገባል፤ ለክፍሉ ከመታተሙ በፊትም ረቂቁ በሜጋ ሕፃናት ፊት ቀርቦ «ይህች ማን ናት?» ተብሎ ይጠየቅበት።