የምታስቀምጥ መቀመጫ

የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር በሆነችው ብሬዴንግ ፎቆቹ ሲያልቁ የሴትራ ጫካ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ከደረሰው ሜትሮ ወርዶ በእግር ከሚዘልቀው ብዙ ሰው ቦርሳ ውስጥ አንዲት ታጣፊ የፎም መቀመጫ አትጠፋም። እኔ ከስዊድን ነገሮች የማደንቀው እሷን ነው፤ መኪናውን ሌላ ያድንቀው።

የመጸው አዳኞች ማማቸው ላይ የሚያነጥፏትም እሷኑ ነው። ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን የሚጠብቅ ሰው ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት ይቀመጣል፤ ጣውላው ከቆረቆረው መቁነጥነጡ አይቀርም፣ አውሬውም ይሰማዋል። ፎሟ በተዘጉ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ስለተሞላች ውሃ አትመጥም፤ የታሰረው አየር ደግሞ ብርዱን ያግዳል። ስትመርጧት በጣት ተጫኗት። ቶሎ የምትሟሽሽ ከሆነ የኋላ ኋላ ያው ጣውላው ላይ ናችሁ። በመረብ የተወጠረ መቀመጫ ከመረጣችሁም የፊት ጠርዙን እዩ፤ ጭን ሥር ከተጫነ እግር ያደነዝዛል።

አገር ቤት ማማ ላይ ወጥቶ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቀው ልጅ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቀውም። ወንጭፉን ሊወነጭፍ፣ ጅራፉን ሊያጮኽ በየደቂቃው ይነሳል፤ የሱ ሥራ ማስደንገጥ እንጂ መደበቅ አይደለም።